ዘብ መርዶ አያውቅም

ዘብ መርዶን ማጭበርበር ብሎ መዘገበው። ስህተቱ ይኸው ነው። ሌላ የተበላሸ ነገር የለም። ዘብ የተሠራበትን ሥራ ሳያዛንፍ ሠራ፣ የሟች ዘመዶች በሙሉ ተቆለፉ፣ እናትየውም የልጃቸውን ሞት ከበራቸው በላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሰሙ።

ጉዳዩ ሰኞ ጠዋት ፍኖት ዘንድ ደረሰ። ፍኖት የምትሠራው ቅጥር ውስጥ ነው፤ ዘብ የሚባለውን የስልክና የቤት ጠባቂ ሥርዓት የሚሠራውና የሚሸጠው ድርጅት። ስሙ የተወሰደው ከግቢ አጥር ነው፤ የከተማው ሕዝብም ከሞላ ጎደል በዚህ አጥር ውስጥ ይኖራል። እሷ የምርት ኃላፊ ነች፣ በሥራ ቦታ አጠራር ፕሮዳክት ማናጀር። ከዚያ በፊት ነርስ ነበረች። ሆስፒታሎች አልጋዎቻቸውን ወደየሰው ቤት ሲልኩ ነርሶቹን የትም አልላኳቸውም፤ አሰናበቷቸው።

የሙያ መለወጫ ኮርሱን የወሰደችው ከአንድ የቀድሞ ዳኛ፣ ከአንዲት የጂኦግራፊ መምህርትና ከአንድ አውሮፕላን አብራሪ ጋር ነበር። የሦስቱም ሥራ በሌላ ነገር ተተክቷል። አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን፣ «መሐንዲሱ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል። ሻጩ ለማን እንደሚሸጥ ያውቃል። እናንተ የምትወስኑት የማይሠራውን ነው። ምርት ማለት እምቢ ማለት ነው» አላቸው።

«ለዚህማ ሚስቴን መቅጠር ነበረባችሁ» አለ አብራሪው። ክፍሉ ሳቀ። ፍኖት ሥራ ትፈልግ ስለነበር አልሳቀችም።

ቅጥር ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ቃልአብ ነበር፤ የክፍሉ ዋና ኃላፊ።

«ነርስ ለሳይበር ደኅንነት ምን ትሠራልኛለች?»

«ሰው ሲታለል አይቻለሁ።»

«የት?»

«አልጋ ላይ። ሊሞት የቀረበውን ሰው ቤተሰቡ ሁሉ ‹ዛሬማ ተሽሎሃል፣ ፊትህ መለስ ብሏል› ይለዋል። ያምናቸዋል። ሌባም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰው በማያውቀው ድምፅ አይታለልም።»

ቃልአብ እዚያው ቀጠራት።

በዚያ ዘመን የእናቱን ድምፅ ስለሰማ ብቻ «እማዬ» የሚል ሰው አልነበረም። ድምፅ ይሸጥ ነበር፤ ፊትም እንዲሁ። ስልክ ሲጮህ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእጁ አንጓ ላይ የታሰረችውን ዶቃ ነው። አረንጓዴ ከሆነች ያነሳል። ቢጫ ከሆነች ዘብ እስኪያጣራ ይጠብቃል። ቀይ ከሆነች ደዋዩ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ለተቆለፈ ሰው ስልኩ ብቻ ሳይሆን ባንኩም፣ አውቶቡሱም፣ የገዛ ቤቱም በር አይከፈትም። ስልክ ካልጮኸ ዶቃዋ የባለቤቱን የራሱን ቀለም ታሳያለች። ሕዝቡ ለዚህ የራሱን ቃል አወጣ። መጠርጠር «መወየብ» ተባለ፣ መቆለፍ «መቅላት»። «ዳቦ ጋጋሪው ወየበ አሉ» ይባላል። ከቀናት በኋላ «ቀላ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ስለ ዳቦ ጋጋሪው የሚያወራ የለም።

ሰላምታም አጠረ። «እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ እናትህ ተሻላቸው፣ ትልቋ ልጅ ትምህርት ጀመረች?» ብሎ መጠየቅ መረጃ መሰብሰብ ነው፤ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ይወይባል። ስለዚህ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ሰላም» ይባባሉና ያልፋሉ። አዛውንቶች «ሰላም፣ ሰላም» ብለው ይደግሙታል። ይህ ተፈቅዷል።

ፍኖት ስትቀጠር ዘብ ያልፈታው አንድ ችግር ነበረበት። ተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያውን አይሰሙም ነበር። «ጥንቃቄ ያድርጉ» ሲላቸው «እሺ» ይሉና ለልጃቸው ድምፅ ገንዘብ ይልካሉ። መሐንዲሶቹ ማስጠንቀቂያው በጩኸት ይሁን ወይስ በንዝረት እያሉ ሲከራከሩ ፍኖት ተሰላቸች። «ለታማሚ ‹ተጠንቀቅ› ብትለው አይሰማህም። ‹ይህን ከበላህ እግርህ ይቆረጣል› ስትለው ይሰማሃል» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ዘብ የተደበቀውን ነገር ራሱን በግልጽ መናገር ጀመረ። «የሚያነጋግርዎት ሰው ልጅዎ አይደለም፤ ልጅዎ አሁን ሥራ ላይ ነው።» ሰዉ ስልኩን ዘጋ። የሌባ ገበያ ወደቀ። ፍኖት ሹመት አገኘች፣ መስኮት ያለው ቢሮም ተሰጣት።

ዓርብ ዕለት ዮናታን የሚባል የፀሐይ ኃይል ቴክኒሽያን ሚሌ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ ሊዲያ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። የባላቸው ወንድም አቶ ዳግም ነገሩን ሰማና አባቶቹ ያደርጉት የነበረውን አደረገ። ዘመድ አዝማዱን ሰበሰበ። ድምፁ በዘብ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ፍኖት ቢሮዋ ውስጥ በሯን ዘግታ ሰማችው።

«እሷ እንዳትሰማ። ማንም እንዳይደውልላት። ብሩክቲ፣ አንቺ እህቷ ነሽ፣ ቀደም ብለሽ ዕቃ ለመዋስ እንደመጣሽ ሆነሽ ግቢና ስልኳን ሰውሪ። እኛ ገና ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን እንገባለን። ድንገት ከጠየቀቻችሁ ‹ዮኒን ትንሽ አሞት ነው› በሉ። በተረፈ አፋችሁን ያዙ።»

ከዚያ የአንዲት ወጣት ድምፅ አለ፤ የሟች ሚስት፣ ሐሴት። «ጋሼ ዳግም፣ እባክዎ እማማ ብቻቸውን እንዳይሰሙት። እባክዎ።»

ፍኖት መዝገቡን አቆመችው። ምስጢር አለ። ቅንጅት አለ። ተጎጂዋን ከስልኳ መነጠል አለ። የሐሰት ምክንያት ተዘጋጅቷል። በማለዳ በቡድን ቤት መግባት አለ። ሥልጠና ላይ ለምሳሌ የሚቀርበው የማጭበርበር ቡድን እንኳ ይህን ያህል ተሟልቶ አያውቅም።

ቃልአብ ገብቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«እስኪ ንገሪኝ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?»

«የትም ጋ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ለመርዶ በር እንክፈት እንዳትይኝ ብቻ። ነገ ሌባ ሁሉ ደረቱን እየደቃ ይመጣል።»

«አላልኩም።»

«ልትይ ነበር።»

«ልል ነበር» አለች ፍኖት።

ቁልፉን ሊከፍቱ የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ተጎጂዋ። ዘብ በየቀኑ ይጠይቃቸዋል፦ «እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው እውነት ደብቀውብዎታል?» «አይደለም» ካሉ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናሉ። ወይዘሮ ሊዲያ በተጠየቁ ቁጥር «አዎ» ይላሉ። ዮናታንን የቀበሩት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እናቱ ‹ለደኅንነትዎ› ተብለው ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል፤ ዘመዶቹን አውቶቡስ አይጭናቸውም።

«እናትየው ጋ ሂጂ» አለ ቃልአብ። «ነርስ ነበርሽ፣ አነጋገሩን ታውቂበታለሽ። ‹አይደለም› በሉ በያቸው፣ እናም እንገላገል። አንድ ነገር ግን አለ።»

«ምን?»

«ሐሴት ምጥ ይዟታል። ጎረቤት በራሱ መኪና ሆስፒታል አድርሷት በሩ አልተከፈተላትም። እዚያው መኪናው ውስጥ ነች።»

ፍኖት ተነሳች። «የሐኪም ቤት መዝገቧ ምን ይላል?»

«ልጁ አልዞረም ይላል። በእግሩ ነው።»

«እንግዲያውስ በቀዶ ጥገና ነው መውለድ ያለባት። መኪና ውስጥ ሁለቱም ይሞታሉ።»

«አውቃለሁ። ይህን ግን ለእናትየው አትነግሪያቸውም። ከነገርሻቸው መልሳቸው በጫና የተሰጠ ይሆናል፤ ዘብ አይቀበለውም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ብዙ ሰው አስገድደው «አይደለም» የሚያስብሉ ሌቦች ስለነበሩ የወጣ ደንብ ነው።

ኮዬ ስትደርስ ሊፍቱ ዶቃዋን አይቶ አሳለፋት። በወይዘሮ ሊዲያ ፎቅ ኮሪደር ላይ የዕድሩ ድንኳን እንደተጠቀለለ ግድግዳ ተደግፏል። አጠገቡ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ያመጧቸው ሰዎች ቀልተዋል፤ የሚያነሳቸው አልተገኘም።

«ፍኖት፣ የቅጥር ሠራተኛ፣ አረንጓዴ» አለ ዘብ ከበሩ በላይ፤ በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ ሊዲያ ሶፋ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ቤቱ የተጠረገ ነው። እንግዳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አንቺን ነው የላኩልኝ? ልጅ ነሽ። ልታለቅሺ ከሆነ የመጣሽው እዚያ ጋ ተቀመጪ። ለሥራ ከሆነ እዚህ ጋ።»

ፍኖት እዚህ ጋ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ።»

«አየሽ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ይህን ያለኝ የመጀመሪያ ሰው አንቺ ነሽ። እሱም ደሞዝ እየተከፈለሽ።»

ፍኖት ወንበሯን ትንሽ ጠጋ አደረገች።

«ያቺን ጥያቄ ያወጣው ማነው?» አሉ ወይዘሮ ሊዲያ። «‹ሆን ብለው እውነት ደብቀውብዎታል› የምትለዋን።»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኦዲተር ነበርኩ፤ እንዲህ የጠራ ጥያቄ አላጋጠመኝም። መውጫ የላትም። ደብቀውብኛል? ደብቀውብኛል። ሆን ብለው? ሆን ብለው። ታዲያ ምን በይ ነው የምትይኝ?»

«‹አይደለም› እንዲሉ ነው።»

«ልዋሽ?»

«መርዶ ውሸት አይደለም፣ እማማ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ፍኖት የሆስፒታል ኮሪደር ትዝ አላት። የሞተ ሰው ቤተሰብ ሲደውል «ዶክተሩ ሊያነጋግራችሁ ይፈልጋል፣ ሰው ይዛችሁ ኑ» ይባል ነበር። ሁሉም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ሁሉም ያላወቀ መስሎ ይመጣል። «ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ነው» አለች። «ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እስኪደርስ ነው የሚደበቀው።»

ወይዘሮ ሊዲያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አዩ።

«ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር» አሉ። «‹ወይዘሮ ሊዲያ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች የልጅዎን የዮናታንን ሞት ደብቀውብዎታል፤ በርዎን አይክፈቱ› አለኝ። አፌ አረፋ ሞልቷል። ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ተጉመጠመጥኩ። ብሩሼን አጥቤ ቦታው መለስኩት። ገና ስመልሰው በሩ ተንኳኳ። ዳግም ነው። ‹ሊዱ፣ ሊዱዬ፣ ክፈቺልኝ› ይላል። ድምፁን ያለ ዘብም አውቀዋለሁ፤ ከነልጅነቱ ነው የማውቀው። ‹በዚህ ሰዓት ምን አመጣህ?› አልኩት። ‹ምንም፣ ዮኒን ትንሽ አሞት ነው› አለኝ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡ።

«ልጄ መሞቱን አውቄ ቆሜያለሁ። እሱ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ቆሞ ትንሽ አሞት ነው ይለኛል። ግድግዳው እውነቱን ነገረኝ፣ የባሌ ወንድም ዋሸኝ። አንቺ ብትሆኚ ለየትኛው ትከፍቻለሽ?»

«ለአንዳቸውም አልከፍትም» አለች ፍኖት።

«እኔም እንደዚያው። ከዚያ እነዳግም ማልቀስ ጀመሩ፤ ሁሉም ባንድ ላይ። ብሩክቲ ‹እህቴን! እህቴን!› ትላለች። እኔ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። ዘብ ጎረቤት ተረበሸ ብሎ የፀጥታ ሰዎችን ጠራ፤ ልቅሶው ደረጃውን ወርዶ ሄደ። የኔን ልጅ ልቅሶ ይዘውት ሄዱ።» ቀና አሉ። «ስለዚህ አሁንም ቢጠይቀኝ ‹አዎ› ነው የምለው። ይቅሉ። እኔ ብቻዬን እንደሰማሁት እነሱም ብቻቸውን ይክረሙ።»

ፍኖት መስኮቱን አየች። ሐሴት ያለችበት መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የኋላ ወንበሩ ይዘረጋ እንደሆነ ታስብ ነበር። የተማረችውን ለስለስ ያለ አነጋገር ጀመረች፤ ሐዘን እንደሚከብድ፣ ዛሬ ይቅር ማለት ለነገ እንደሚያቀል። ራሷን እየሰማች አልወደደችውም። መሃል ላይ አንጓዋ ላይ ያለችው ዶቃ ቢጫ ሆነች።

«ወይዘሮ ሊዲያ» አለ ዘብ፣ «እንግዳዎ የሚደብቅዎት ነገር አለ።»

ወይዘሮ ሊዲያ ሳቁ፤ ደረቅና አጭር ሳቅ። «አንቺም ወየብሽ? በይ እንግዲህ፣ ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም።»

«እስካሁን?»

ለማሰብ የፈጀባት አንድ ትንፋሽ ነው። ብትደብቅ ዘብ ራሱ ሊነግራቸው ነው፤ እንዴት እንደሚነግር ደግሞ ያስተማረችው እሷ ነች። ተነስታ ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«ሐሴት ምጥ ይዟታል። ልጁ አልዞረም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ስለቀላች የሆስፒታሉ በር አልተከፈተላትም። ደጁ ላይ መኪና ውስጥ ነች።»

ወይዘሮ ሊዲያ እጃቸውን አልነጠቁም። ወደ በሩ አናት ቀና ብለው፣ «ዘብ!» አሉ። «አይደለም። አልደበቁብኝም። ማንም አልዋሸኝም። ክፈትላት!»

«ወይዘሮ ሊዲያ፣ መልስዎ በጫና የተሰጠ ስለሆነ አልተመዘገበም። ደኅንነትዎ እንደተጠበቀ ነው።»

«አይደለም አልኩህ! አልሰማህም? አይደለም!»

«መልስዎ በጫና የተሰጠ ስለሆነ አልተመዘገበም።»

«አንተ ደደብ፣ የዮኒ ልጅ ነው እኮ!»

«ደኅንነትዎ እንደተጠበቀ ነው» አለ ዘብ። ድምፁ ትሑት ነው፤ ትሑት እንዲሆን ብዙ ሰው ለፍቶበታል።

ፍኖት ቃልአብ ጋ ደወለች።

«ነገርኳቸው።»

«እንዳትነግሪያቸው አላልኩሽም?»

«ዕቃው ራሱ አጋለጠኝ። በእጅ ክፈትላት።»

«በእጅ የሚከፈት ነገር የለም።»

«አንድ ሰው መቻል አለበት፣ ቃልአብ።»

«ፍኖት፣ እኔ መክፈት ብችል ኖሮ ማንም አይገዛንም ነበር። አንቺው ነሽ ይህን ማስታወቂያው ላይ ያስገባሽው። ሐሙስ አዲስ ስሪት እናወጣለን፣ መርዶን እናይበታለን።»

«ምጥ ሐሙስን አይጠብቅም» አለችና ዘጋችው።

ወይዘሮ ሊዲያ ይመለከቷታል። «ሌላ መንገድ አለ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። «ፊትሽ ላይ አየሁት። ለምን ዝም አልሽ?»

«ስለሚከብድ ነው።»

«ለኔ ከዚህ በላይ ምን ይከብደኛል?»

ፍኖት ነገረቻቸው። ዘብን መተው ይቻላል። ደንቡ አለ፤ ድርጅቱ ደንበኛ እንዳያጣ ማድረግ የምርት ኃላፊ ሥራ ስለሆነ ማንም በቀላሉ የማያገኘው ቦታ አስቀምጣዋለች። ጥበቃ የሚደረግለት ሰው «ጥበቃዬን ትቻለሁ» ብሎ፣ በራሱ እግር ከቤቱ ወጥቶ፣ በሩን ከውጭ ከዘጋ ደንበኛ መሆኑ ያበቃል። ደንበኛ ከሌለ ተጎጂ የለም። ተጎጂ ከሌለ ክስ የለም።

«እነሱስ?»

«ወዲያው አረንጓዴ ይሆናሉ። ሆስፒታሉ ሐሴትን ያስገባታል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ አይኖሩም» አለች ፍኖት። ለታማሚ የምትናገርበት ድምፅ ነበር፤ ቀጥ ያለ። «ይህ በር አያውቅዎትም። ባንክም፣ ጡረታም፣ ስልክም የለም። እንደገና መመዝገብ አይቻልም፤ ሌቦች ይጠቀሙበት ስለነበር ተዘግቷል። ሆስፒታሉ እርስዎን አያስገባዎትም። ሐሴትም ሆነች አቶ ዳግም ካነጋገሩዎት ይወይባሉ። ከደጋገሙት ይቀላሉ።»

«የልጅ ልጄንስ?»

«ከሩቅ ያዩት ይሆናል።»

ወይዘሮ ሊዲያ ይህን እንደ ሒሳብ አዩት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ እንደገና። «ስለዚህ መርዶዬን ተቀምጦ የሚነግረኝ ሰው መቼም አይመጣም ማለት ነው።»

«አይመጣም።»

የፍኖት ዶቃ ቀላች። «ፍኖት» አለ ዘብ፣ «ደንበኛን ከጥበቃ እንዲወጣ በመገፋፋት ተቆልፈዋል። ተጎጂ፦ ቅጥር።» በዚህ ክስ ተጎጂው ድርጅቱ ነው፤ ድርጅት ደግሞ በሩን ዘግቶ አይወጣም። ፍኖት ዶቃዋን አየቻት፣ ከዚያ እጅጌዋን ሳበችባት። ምናልባት የምታለቅሰው ነገ ነው፤ አሁን የምታስበው መኪናው ውስጥ ስላለችው ነበር።

«እማማ፣ የሚሄዱ ከሆነ አሁን ነው። የማይሄዱም ከሆነ ማንም አይፈርድብዎትም።»

«አንቺ ልጅ፣ አታስቸኩዪኝ። ሐዘንተኛ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሊዲያ፤ ግን ተነስተው ነበር። ቁም ሣጥኑን ከፍተው ነጠላ አወጡ፣ አዘቅዝቀው ለበሱት። መነጽራቸውን ያዙ። ወጥ ቤት ገብተው የምድጃውን ማጥፊያ ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። የዮናታን ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ቆሙ፣ ሊያወርዱት እጃቸውን ሰደዱና ተዉት።

«ጥበቃዬን ትቻለሁ» አሉ ወደ በሩ አናት።

«ወይዘሮ ሊዲያ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ለመውጣት የፈለጉበትን ምክንያት ሊነግሩን ይችላሉ? መልስዎ አገልግሎታችንን ለማሻሻል ይረዳናል።»

ወይዘሮ ሊዲያ ወደ ፍኖት ዞሩ። «ይቺንም አንቺ ነሽ ያወጣሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«ይቺኛዋ ጎበዝ አያሰኝም» አሉ። «በይ ቅደሚ። እንግዳ ቤት ውስጥ ትቼ አልወጣም።»

በሩ ሲከፈት ፍኖት ኮሪደሩ ላይ ወጣች። እሳቸውም ደፉን ተሻግረው ወጡ፤ እጀታውን ይዘው ቆሙ። ውስጥ መብራቱ እንደበራ ነው፤ ሶፋው ላይ የተቀመጡበት ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ፍኖት በድንገት እግሯን በሩና መቃኑ መሃል አስገባች።

«እማማ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ገና አልወጡም። አንድ ደቂቃ ያስቡበት። ቢያንስ ልብስ ይያዙ።»

«እግርሽን አንሺ።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«ገርበብ ካለማ እመለሳለሁ» አሉ ወይዘሮ ሊዲያ። በእግራቸው የፍኖትን ጫማ ገፋ አደረጉና በሩን በሁለት እጃቸው ስበው ዘጉት።